የድሮ ልጅ፣ አቡጊዳ እና የወንድማችን ኮሙኒኬሽን ቡክ

የትንሹ ወንድማችን ኮሙኒኬሽን ቡክ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ መጣ። «ክፍል ውስጥ አይከታተልም። የቤት ሥራ አይጨርስም። ወላጅ ይፈርም።» ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው። እናታችን ፈረመችና ወደ እኛ ዞረች፤ «እናንተ ተምራችኋል፤ እስቲ አንድ በሉት!» እኛም አልነው። መጀመሪያ መከርነው። ቀጥሎ ስልክ ከለከልነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ጆሮውን ቆነጠጥነው። ልጁ አለቀሰ እንጂ የቤት ሥራው አላለቀም።

«የድሮ ልጅ እንዲህ አልነበረም» አሉ አያታችን።

ይቺን አባባል እናንተም ቤት ሳትሰሟት አትቀሩም። እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት ስንማር «የተባለውን ሁሉ አትመኑ፣ አጣሩ» ሲባል ነው የከረምነው። እናም እስቲ የድሮ ልጅ እንዴት ነበር ልቡን ሰብስቦ የሚማረው ብለን ወደኋላ ሄድን።

የቄስ ትምህርት ቤትን አስቡት። ልጆች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተኮልኩለዋል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ከፍ ያለው ዳዊት ላይ ደርሷል። ሁሉም የየራሱን ይጮኻል። ዝም ብሎ ማዳመጥ የሚባል ነገር የለም። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ ዓይኑን፣ እጁንና አፉን አንድ ላይ ያሠራል። የኔታ ያን ሁሉ ጫጫታ እየሰሙ የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ።

እርግጥ ልጅ ልጅ ነው። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ከያዘው በኋላ ዓይኑ ወፍ እያየ አፉ ብቻውን ሊወርደው ይችላል። አቡጊዳ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተቀይሯል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ… እያለ ይሄዳል። በዜማ ሲሸውድ የነበረ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይያዛል፤ ሳያይ ማለፍ አይችልማ። ከዚያም ወደ ንባብ ይሻገራል። ያንኑ ገጽ መጀመሪያ ፊደሉን ነጥሎ ይቆጥረዋል፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ በዜማ ይለዋል፣ በመጨረሻ አቀላጥፎ ያነበዋል። አንዱ ሳይያዝ ወደ ሌላው መዝለል የለም።

የቤት ሥራም ነበረ፤ የቃል ትምህርት። ማታ መብራት ስለሌለ የሚነበብ ነገር አይኖርም፤ በጨለማ ጸሎቱን በቃል ማጥናት ነው። ታላቁ ይላል፣ ታናሹ ይከተላል። ቁርአን ቤት ስንሄድም ተመሳሳይ ብልሃት እናገኛለን። ወሎም ሆነ ሐረር ልጁ ትምህርቱን በእንጨት ለውህ ላይ ይጽፋል፤ ሲይዘው ለውህዋ ትታጠብና አዲስ ይጻፍባታል። የዕለቱ ሥራ ልክ ነበረው፤ ማለቁም በዓይን ይታይ ነበር።

ታዲያ አያታችን ልክ ናቸው ማለት ነው? ቆይ፣ አልጨረስንም።

የኔታ ቤት አለንጋም ነበረ። በበርበሬ ጭስ የታጠነ፣ እንዳያመልጥ እግሩ የታሰረ ልጅም ነበረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «የድሮ ልጅ» እያልን የምናስበው እስከ መጨረሻው የዘለቀውን ነው። ያልገባው ልጅ ወደ ከብቱና ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚጽፍበት የለም። አብዛኞቹ ሴት ልጆችማ በሩንም አላዩት።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ነገሩ ተለወጠ። ደወል፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ መምህርና ፊት ለፊቱ የተደረደሩ ልጆች መጡ። ተማሪው ጥቂት ሳለ ችግር አልነበረም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ግን የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከ30 በመቶ በታች ተነስቶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከ90 በመቶ አለፈ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ድሮ በሩን ያላዩት ገቡ። ሆኖም በ1990ዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ በአማካይ ከ60 በላይ ተማሪ ይቀመጥ ነበር፤ ብዙ ቦታ ደግሞ በፈረቃ። ከ60 ልጅ መሀል ማን አፉን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ የትኛው መምህር ይለያል? በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ ሲመጣ ደግሞ ታላላቆቻችን ጭራሽ ጥያቄ ከማይቀበል መምህር ጋር ተፋጠጡ።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ክፍል ውስጥ ግን ተቀምጠዋል። ደብተርም ይዘዋል። የቤት ሥራም ተሰጥቷቸዋል።

ይህን ስናነብ ወንድማችን ትዝ አለን።

ያን ዕለት ማታ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን አወጣንና «አንብብ» አልነው። ገጹን እንደ ውሃ ጠጣው። ቀጠልንና በክብሪት እንጨት ከገጹ መሀል አንድ ቃል ጠቆምን። ዝም። ሌላ ጠቆምን። ዝም። ወንድማችን ገጹን በሙሉ ሸምድዶታል እንጂ ማንበብ አይችልም። ሳይንሱም ሒሳቡም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ለካስ የቤት ሥራውን ያልጨረሰው ጥያቄው ምን እንደሚል ስለማያውቅ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ጆሮውን ቆነጠጥነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል፤ እኛ ሳሎን ግን ገና አልደረሰም ነበር።

አያታችንን «እማማ፣ እርስዎ የት ተማሩ?» አልናቸው። ሳቅ አሉ። ልጅ ሳሉ አልተማሩም! ፊደል የለዩት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ልጅ ወልደው ነው። «አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ጎኔ ቁጭ ብላ ጣቴን ይዛ ነው ያስያዘችኝ» አሉ። አለንጋ አላነሱም።

አሁን እኛ ቤት ማታ ማታ እንዲህ ሆኗል። ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ ስልክ ይቀመጣል፤ የእኛም ጭምር። ከእኛ አንዳችን ጎኑ እንቀመጣለን። የቤት ሥራው ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ሲያልቅ ይነሳና ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። ጮክ ብሎ ያነባል፤ በክብሪት እንጨት እያዘበራረቅን እንጠይቀዋለን። መጨረሻ ላይ የተማረውን ለአያታችን ያስረዳል። ተአምር አልመጣም፤ ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ያለቅሳል። ግን የጨረሰውን ገጽ ራሱ ያሳየናል።

ሁሉም ቤት ጎን የሚቀመጥ ሰው የለም፤ እናት ማታ ደክማ የምትገባበት፣ አስጠኚ የማይቀጠርበት ቤት ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጅ ልቡ የሚሸፍተው ርቦት ነው። የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቁርስና ምሳ ማብላታቸው ለዚህ ትልቅ ነገር ነው። ሰሌዳው የማይታየው፣ ድምፅ የማይሰማው ልጅም አለ። «አይከታተልም» ከማለት በፊት «ለምን?» ማለት ይቀድማል።

ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ በዚህ ሳምንት ከፊርማው ሥር አንድ መስመር ጨመርን፦ «ውድ መምህር፣ ማንበብ ስለሚከብደው ነው፤ እኛ ማታ እያገዝነው ነው፤ እባክዎ ወደ ፊት ያስቀምጡልን።» መልሱ በሰማያዊ እስክሪብቶ መጣ፦ «እሺ፣ ሁለተኛ ረድፍ።»