ቫይረስ የሰብልን ጂን ለመመርመሪያነት የዋለበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1928 ዊንጋርድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በቫይረስ የታመመ ትምባሆ ውሎ አድሮ ጤናማ ቅጠል እንደሚያወጣ፣ ያም ቅጠል በዚያው ቫይረስ ዳግመኛ ቢለከፍ እንደማይታመም ገለጠ። ምክንያቱ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በ1990ዎቹ እንደተደረሰበት፣ ተክሉ የቫይረሱን አር ኤን ኤ ይቆራርጣል፤ በቁራጮቹም እየተመራ እነርሱን የሚመስለውን አር ኤን ኤ ሁሉ ያጠፋል። እንግዲህ ቫይረሱ የተክሉን የራሱን ጂን ቁራጭ ተሸክሞ ቢገባ፣ ተክሉ በገዛ መከላከያው የራሱን ጂን ዝም ያሰኛል ማለት ነው። ኩማጋይና ባልደረቦቹ በ1995 ይህንኑ አደረጉ። አረንጓዴውን ቀለም ከብርሃን ጉዳት የሚጠብቁት ቀለማት የሚሠሩበትን ጂን ቢዘጉት፣ የትምባሆ ዘመድ የሆነው ተክል ቅጠሉ ነጣ። ለመምህር ከዚህ የበለጠ በዓይን የሚታይ ማስረጃ መቼም አይገኝም። በ2002 ዘዴው፣ ገብስን በሚያጠቃ ቫይረስ አማካይነት፣ ለገብስ ደረሰ።

የአንድ ጂን ተግባር በሳምንታት ውስጥ መመርመሩ ለአዳቃዮች ታላቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ዕቅድ አውጪዎች ዘዴውን ከአዲስ ዝርያ ማስገኛ ጋር ሊያምታቱት አይገባም፤ ጂኑ ለጊዜው ዝም ይላል እንጂ አይለወጥም፣ ዝምታውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዘሩ አይተላለፍም።