ከቅኔ ቤት እስከ ቴአትር መድረክ

የአገራችን የቴአትር ታሪክ ሲነገር ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን መዝለል አይቻልም። እኒህ ሊቅ የተወለዱት በ1887 ዓ.ም. በዚሁ በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ሲሆን፣ ያደጉትም በዚያው በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። የዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምን ነበር፤ ማታ ግን ቅኔውን ይቆጥራል።

ዮፍታሔ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ተማሪዎቻቸውንም ተዋንያን አድርገው ተውኔት ያሳዩ ጀመር። ስለዚህ መድረኩ ሁለተኛ የማስተማሪያ ክፍላቸው ነበር ማለት ይቻላል። በቅኔ ቤት የተማሩት ሰምና ወርቅም አልተለያቸውም፤ «አፋጀሽኝ» በተባለው ተውኔታቸው አገርን በሴት መስለው አሳይተዋል።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው አገራቸውን ሲያገለግሉ ቆይተው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከየገጠሩ ስንቃችንን ተሸክመን ወደ ቁይ የምንመጣ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ዮፍታሔ በችግር ያገኙትን ትምህርት ከተማ ሲገቡ አልናቁትም፤ አዲስ ልብስ አልብሰው ለሌላው አስተማሩበት እንጂ።