ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ በጋራ የሚገለገሉበት የስፖርት አዳራሽ ግንባታና አስተዳደር

በ1990 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ስፖርት ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት፣ በመኖሪያና በሥራ አካባቢው በስፖርት እንዲሳተፍ አቅጣጫ ያስቀመጠ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወረዳ ለተማሪው አንድ፣ ለወጣቱ አንድ፣ ለሠራተኛው ደግሞ ሌላ አዳራሽ ለመገንባት የሚያስችል በጀትም ሆነ መሬት ማግኘት ይከብደዋል። በመሆኑም በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ተገንብቶ ተማሪውም ነዋሪውም በየሰዓቱ የሚጠቀምበት አዳራሽ ተመራጭ አማራጭ ሆኖ ይቀርባል። ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ሊወሰኑ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ። እነዚህ ካልተወሰኑ አዳራሹ ወይ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተቆልፎ ይውላል፣ ወይ ተማሪው ከገዛ ግቢው ተገፍቶ ይወጣል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ የካምብሪጅሻየር የትምህርት ኃላፊ የነበሩት ሄንሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1924 ባቀረቡት ማስታወሻ፣ የገጠር ትምህርት ቤት ቀን ለልጆች፣ ማታ ለወላጆች የሚያገለግል ማዕከል እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። በዚህ መሠረት የመጀመሪያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1930 በሶስተን መንደር ተከፍቷል። በጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የማኅበራዊ ትምህርት ሕግ፣ ትምህርቱን እስካላወከ ድረስ የትምህርት ቤት መገልገያዎች ለኅብረተሰቡ እንዲከፈቱ የሚያበረታታ ሲሆን፣ ማታና በዕረፍት ቀናት የአካባቢ ክበባት በትምህርት ቤት አዳራሽ መለማመዳቸው የተለመደ ነው። «ትምህርቱን እስካላወከ ድረስ» የሚለው ሐረግ አጭር ቢሆንም የአሠራሩ ሁሉ መሠረት እሱ ነው።

በአገራችን አብዛኛው ደጋማ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል የሜዳ ላይ እንቅስቃሴ በእነዚህ ወራት ይዳከማል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ይዘጋሉ። ስለዚህ ጣሪያ ያለው መጫወቻ ይበልጥ የሚፈለግበት ጊዜ ከተማሪዎች ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ለጋራ አገልግሎት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለናል።

የግንባታውን ወጪ ከሚወስኑት ነገሮች ቀዳሚው የመጫወቻው ስፋት ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ሲሆን፣ በዙሪያው ቢያንስ 2 ሜትር ነፃ ቦታ ስለሚያስፈልገው 32 በ19 ሜትር፣ ማለትም 608 ካሬ ሜትር ይሆናል። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ሆኖ 3 ሜትር ነፃ ቦታ በየአቅጣጫው ሲታከልበት 24 በ15 ስለሚሆን በዚሁ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ሦስት የባድሜንተን ሜዳዎችም ጎን ለጎን ሊሰመሩበት ይችላሉ። የእጅ ኳስ ግን 40 በ20 ሜትር ሜዳ ስለሚጠይቅ፣ በጎኖቹ 1 ሜትር፣ ከግቦቹ ጀርባ 2 ሜትር ሲጨመርበት 968 ካሬ ሜትር ይደርሳል። የ360 ካሬ ሜትሩ ልዩነት በወለል ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት የብረት ትረሶችም ይረዝማሉ፣ ቁጥራቸውም ይጨምራል። በአካባቢው የእጅ ኳስ ቡድን ከሌለ ትንሹን አዳራሽ በጥራት መሥራት ትልቁን ጀምሮ በበጀት እጥረት ከማቆም ይሻላል። ከፍታው ላይ ግን ቁጠባ አይቻልም። ለቅርጫትም ሆነ ለመረብ ኳስ ቢያንስ 7 ሜትር ነፃ ከፍታ ያስፈልጋል፤ ይህም የሚለካው እስከ ጣሪያው አናት ሳይሆን እስከ ትረሱ ወይም እስከ መብራቱ የታችኛው ጫፍ ነው።

ወለሉም ልዩ ትኩረት ይሻል። በባዶ ኮንክሪት ላይ ዘወትር መዝለል ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ጉዳት ያጋልጣል። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 14904 የስፖርት ወለል የምቱን ኃይል ቢያንስ 25 በመቶ እንዲቀንስ፣ ኳስም በኮንክሪት ላይ ከሚነጥርበት ከፍታ ቢያንስ 90 በመቶውን እንዲነጥርበት ይጠይቃል። ጥሩ የእንጨት ወለል ይህን ያሟላል፤ ሆኖም ምስጥ በሚበዛበት ቆላ ወይም ጣሪያው በሚያፈስ ሕንፃ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። በኮንክሪት ላይ የሚነጠፍ የስፖርት ቪኒል ለጥገና የቀለለ ነው። አዳራሹ ለስብሰባ የሚውል ከሆነም የወንበሮቹ እግር ወለሉን እንዳይቧጭር የሚነጠፍ መሸፈኛ ከዕቃው ግዥ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር የጠዋትና የማታ ፀሐይ የተጫዋቾችን ዓይን አይወጋም። በላይኛው የግድግዳ ክፍል የሚከፈቱ መስኮቶችም መብራት በሚጠፋበት ቀን አዳራሹን ከሥራ ውጭ ከመሆን ያድኑታል። ለትምህርትና ለልምምድ 200 ሉክስ መብራት በቂ ሲሆን መካከለኛ ደረጃ ላለው ውድድር 500 ሉክስ ያስፈልጋል። ድምፅ መከላከያ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በክረምት የመምህሩን ድምፅ ፈጽሞ ያፍነዋል።

የጋራ አገልግሎቱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን በበሮቹ ነው። አዳራሹ አንዱ በር ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት ሊሆን ይገባል። መጸዳጃ ቤቱና የልብስ መቀየሪያው ነዋሪው ወደ መማሪያ ክፍሎች ሳይገባ የሚደርስባቸው መሆን አለባቸው። የውኃና የመብራት ቆጣሪም ለብቻው ቢሆን ወጪውን ለመለየት ያስችላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ የሚያገለግሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ የደነገገ በመሆኑ፣ መወጣጫው በኋላ የሚቀጠል ሳይሆን በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ የሚካተት ነው።

ከንድፉ እኩል የሚመዘነው በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ በስፖርት ጽሕፈት ቤቱና በቀበሌው መካከል የሚፈረመው ስምምነት ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፣ ከኪራይ የሚገኘው ገቢም ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የነዋሪው ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላና በዕረፍት ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ድልድሉ ለቀደመ ይሰጥ ከተባለ ምሽቱን ሁሉ የተደራጁት የወንዶች ቡድኖች ስለሚይዙት፣ ለሴቶች ጨለማ ሳይሆን የሚጠናቀቅ ቋሚ ሰዓት አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ቁልፉ በርእሰ መምህሩ እጅ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ርእሰ መምህሩ ለሚጠፋ ንብረት ተጠያቂ እስከሆኑ ድረስ በሩን ባይከፍቱ አይፈረድባቸውም። ስለሆነም ተጠሪነቱ ለጋራ አስተዳደር ኮሚቴ የሆነ፣ ደመወዙ የተበጀተለት የአዳራሽ ኃላፊ ሊመደብ፣ ወመተህም በኮሚቴው ሊወከል ይገባል።

እንዲህ ያለው አዳራሽ በአደጋ ጊዜ መጠለያም ይሆናል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2011 ከደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች በኋላ በርካታ ተፈናቃዮች የተጠለሉት በትምህርት ቤት አዳራሾች ነበር። በ2011 ግን የአንዳንዶቹ ኮርኒስ በመርገፉ፣ የተንጠለጠሉ ኮርኒሶችን ማንሣት ወይም ማጠናከር የመንግሥት ሥራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ያስነሣ በመሆኑ፣ በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ወረዳዎች ይህን ከንድፉ ጀምሮ ቢያስቡበት ተገቢ ነው።

የግንባታ ርክክብን በተመለከተ ጊዜያዊ ርክክቡ በበጋ የተደረገ እንደሆነ የጣሪያው ፍሳሽና የአሸንዳው ጉድለት አይታይም። የመጨረሻው ርክክብ ሕንፃው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ካሳለፈ በኋላ እንዲሆን፣ እስከዚያም ድረስ የመያዣ ገንዘቡ ለሥራ ተቋራጩ እንዳይለቀቅ በውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።