ሆድና አንጎል የሚላላኩበት ቋንቋ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በቋንቋችን ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ምሥጢር የሚጠብቀውን ሰው ነገሩን በሆዱ ይዟል እንለዋለን፤ ያዘነው ሆዱ ባባ፥ ታጋሹም ሆደ ሰፊ ይባላል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት በምሳሌ ነው እንጂ በምርመራ አይደለም። ነገር ግን ሆድና አንጎል በእውነት የሚላላኩ መሆናቸውን ሊቃውንት እንዴት እንደ ደረሱበት ብንመለከት፥ ስለ ሰውነታችን ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርትም አንድ ቁም ነገር እናገኛለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ምግብ መፈጨት እጅግ የታወቀው መምህር በሩሲያ፥ በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። እርሱም ጨጓራና ቆሽት በነርቭ ትእዛዝ እንደሚሠሩ በብዙ ምርመራ አሳየ፤ ስለዚሁ ሥራው በ1904 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ምግብ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ አሲድ ይዞ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ ቆሽት ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ያፈልቃል። ለቆሽት ወሬውን የሚያደርስለት ማን ነው ቢባል፥ የዘመኑ መልስ «ነርቭ ነው» የሚል ነበር።

ከፓቭሎቭ ደቀ መዛሙርት አንዱ ፖፒየልስኪ፥ በፈረንሳይም ቨርትሃይመርና ለፓዥ፥ ታላላቆቹ ነርቮች ከተቆረጡ በኋላ እንኳ አሲድ ወደ አንጀት ሲገባ ቆሽት ፈሳሹን እንደሚሰጥ አይተው ነበር። ነገር ግን በአቅራቢያው ሌላ የነርቭ መንገድ ቢኖር ነው ብለው ተረጎሙት። ዓይናቸው ያየውን አዲስ ነገር በቀድሞው ትምህርት ልክ ሰፉት።

ጥር ወር 1902 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዊሊያም ቤይሊስና የሚስቱ ወንድም ኧርነስት ስታርሊንግ ይህንኑ ነገር እንደገና መረመሩ። በማደንዘዣ ከተኛ ውሻ አንጀት አንዱን ክፍል ለይተው፥ ወደ እርሱ የሚመጡትን ነርቮች ቆርጠው፥ በደም ሥር ብቻ ተያይዞ እንዲቀር አደረጉ። አሲድ ቢጨምሩበት ቆሽት እንደ ወትሮው ፈሳሹን አፈለቀ። እንግዲህ ነርቭ ከሌለ የቀረው መንገድ ደም ነው። ወዲያውም የአንጀቱን የውስጥ ልባስ ፍቀው፥ ከአሸዋና ከአሲድ ጋር ፈጭተው፥ አጣርተው በውሻው ደም ሥር ወጉት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆሽት አፈለቀ። መልእክተኛውን ሴክሬቲን አሉት። በ1905 ስታርሊንግ እንዲህ ያሉትን መልእክተኞች ሁሉ «ሆርሞን» ብሎ ጠራቸው፤ ትርጉሙ በግሪክ ቋንቋ ማነሣሣት ነው።

ወሬው ሩሲያ በደረሰ ጊዜ ፓቭሎቭ ምርመራውን በራሱ ቤተ ሙከራ አስደገመ፤ ውጤቱም ያው ሆነ። እንደሚነገረው ወደ ክፍሉ ገብቶ ጥቂት ቆይቶ ወጣና፥ እንግሊዞቹ ልክ እንደ ሆኑ፥ እውነትን ማግኘትም ለእርሱና ለባልደረቦቹ ብቻ የተሰጠ መብት እንዳልሆነ ተናገረ። ነርቭም በእርግጥ ያዛል፤ ብቻውን ግን አያዝም። ለእኔ ፓቭሎቭን ከሽልማቱ ይልቅ ይህ ቃሉ ያስከብረዋል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1931 ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለርና እንግሊዛዊው ጆን ጋዱም በለንደን ሲሠሩ፥ ከፈረስ አንጀትና አንጎል የደምን ግፊት የሚቀንስና አንጀትን የሚያኮማትር ነገር አወጡ። «ሰብስታንስ ፒ» ተባለ፤ ከምን እንደ ተሠራ ግን 40 ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቀረ። ኋላም አሜሪካዊቷ ሱዛን ሊማን ሌላ ሆርሞን ስትፈልግ፥ ከከብት አንጎል ያወጣችውን ፈሳሽ አይጦችን ብትወጋቸው ምራቃቸው ይዝረበረብ ጀመር። የምትፈልገው ይህን አልነበረም፤ ሆኖም ያየችውን አልናቀችም። ተከትላው ብትሄድ ያው ሰብስታንስ ፒ ሆኖ ተገኘ፤ በ1971ም ከባልደረቦቿ ጋር 11 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሰንሰለት መሆኑን አስታወቀች። እንዲህ ያለው አጭር ሰንሰለት ፔፕታይድ ይባላል፤ ነርቮች ሲላላኩበት ደግሞ ኒውሮፔፕታይድ ይሉታል። ከዚያም ወዲህ በአንጀትም በአንጎልም የሚገኙ ሌሎች ብዙ መልእክተኞች ታውቀዋል።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ተዘግቶ አልቀረም። የካንሰር መድኃኒት የሚያስከትለውን ትውከት ለመከላከል ከ2003 ጀምሮ የተፈቀደው አፕሬፒታንት፥ ሰብስታንስ ፒ በአንጎል ውስጥ የሚቀበለውን በር በመዝጋት ይሠራል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተሰናብተን የምንወጣ ሁሉ የመምህሮቻችንን ቃል በደብተራችን ይዘን እንወጣለን፤ ልናከብረውም ይገባናል። ነገር ግን ዓይናችን ከደብተራችን የተለየ ነገር ባየ ጊዜ፥ ያየነውን በደብተሩ ልክ አንስፋው፤ ደግመን እንመርምረው። መምህር በሆንን ጊዜም ተማሪያችን ልክ ሆኖ ቢገኝ፥ እንደ ፓቭሎቭ ከክፍላችን ወጥተን «ልክ ነህ» ለማለት አንፈር።