ተንቀጥቃጩ ሼኪ፦ ማሽን ማቀድ የጀመረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 ባለው ጊዜ፣ በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባለ መንኮራኩር ሮቦት ተሠራ። ሲሄድ ስለሚንቀጠቀጥ «ሼኪ» ተባለ፤ «ተንቀጥቃጩ» እንደ ማለት ነው። አናቱ ላይ የቴሌቪዥን ካሜራና የርቀት መለኪያ፣ ከታች ደግሞ ዕቃ ሲነካ የሚያስታውቁ እንደ ድመት ጢም የቀጠኑ ሽቦዎች ነበሩት። አእምሮው ግን አብሮት አይዞርም፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ትልቅ ኮምፒውተር በራዲዮ ያዝዘው ነበር።

በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ከዚያ በፊትም ነበሩ። የሼኪ አዲስነት ከመንቀሳቀሱ በፊት ማሰቡ ነው። በአንድ ሙከራ መድረክ ላይ ያለ ሣጥን ገፍቶ እንዲጥል ታዘዘ። መንኮራኩሩ መድረኩን አይወጣም። ሣጥኑን ለመግፋት መድረኩ ላይ መገኘት፣ ለዚያም መወጣጫ ያስፈልጋል፤ መወጣጫው ደግሞ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሼኪ መወጣጫውን ፈልጎ አገኘ፣ እየገፋ ከመድረኩ አስጠጋው፣ ወጣበት፣ ሣጥኑንም ጣለ።

አስቸጋሪው ሰው ከቶ ልብ የማይለው ነገር ነበር። ሣጥን ሲገፋ በሩ ቦታውን እንደማይለቅ ለሰው መንገር አያስፈልግም። በሎጂክ ብቻ ለሚያስብ ማሽን ግን ያልተለወጠው ሁሉ አንድ በአንድ ሊጻፍለት ይገባ ነበር። ሪቻርድ ፋይክስና ኒልስ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት «ስትሪፕስ» የተባለ የእቅድ ፕሮግራም መላ አገኘለት። ለእያንዳንዱ ድርጊት አስቀድሞ መሟላት ያለበት፣ ድርጊቱ የሚጨምረውና የሚያስቀረው ብቻ ይጻፋል፤ ያልተጠቀሰው እንደነበረ ይቆያል። ዕድሜ የሰጠው ይህ ቅለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የእቅድ ሶፍትዌሮች ድርጊትን የሚገልጹት ከዚህ ብዙም ሳይርቁ ነው። በ1968 እዚያው ተቋም የተወለደው «ኤ ስታር» የተባለ የመንገድ መፈለጊያ ዘዴ ደግሞ የተሄደውን መንገድ ከቀረው ግምት ጋር ደምሮ ድምሩ ያነሰውን መንገድ ያስቀድማል።

ሼኪ ግን ዝግተኛ ነበር፤ የሚሠራውም በውስጡ ጥቂት ዕቃ ባለባቸው፣ ለእሱ በተሰናዱ ክፍሎች ነበር። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ተመራማሪ ሮድኒ ብሩክስ በ1980ዎቹ፣ ሮቦት የዓለምን ካርታ በልቡ ከሚይዝ ዓለምን ራሷን በየቅጽበቱ ይይ ብሎ ተከራከረ።

ከሼኪ ተቋም የተሰጠው መልስ አስቀድሞ በማቀድና በየቅጽበቱ በማየት መካከል ነው። ፈላስፋው ማይክል ብራትማን በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ቁርጥ ሐሳብ ከምኞት እንደሚለይ፣ ሰው አንዴ ከቆረጠ ሁሉንም በየጊዜው እንደ አዲስ እንደማይመዝን አስረዳ። በዚሁ መንፈስ፣ በዚያው ዘመን በሼኪ ተቋም ማይክል ጆርጄፍና ኤሚ ላንስኪ የሠሩት ሥርዓት እምነትን፣ ፍላጎትንና ቁርጥ ሐሳብን ለየብቻ ይይዝ ነበር፤ ሁኔታው ሲለወጥም የጀመረውን እቅድ አቋርጦ ለአስቸኳዩ ቅድሚያ ይሰጣል። የጠፈር መንኮራኩር አቅጣጫ መቆጣጠሪያ ሞተሮች ብልሽት ሲገጥማቸው መፍትሔ በመፈለግ ሥራም ተሞከረ።