በፋይዳ መታወቂያ ማንነት ሲረጋገጥ በተቋማት ሥርዓቶች መካከል የሚደረግ የመረጃ ልውውጥ፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አገና የሚኖር ተገልጋይ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ወይም ሌላ አገልግሎት ለማግኘት የፋይዳ ቁጥሩን ሲሰጥ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል። በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ አገልግሎት ሰጪው ተቋም ለመታወቂያው ሥርዓት ጥያቄ አቅርቦ ምላሽ ይቀበላል። ምላሹ ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ ተገልጋዩ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ከገጠር ቀበሌ ለመጣ ሰው ይህ የአንድ ቀን ሥራና የመጓጓዣ ወጪ ማለት ነው። «ማንነትዎ አልተረጋገጠም» እና «ምላሽ አልመጣም» ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች ልዩነቱን አውቀው ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

1. መረጃው የሚገኘው የት ነው?

የፋይዳ ምዝገባ መረጃ በአገና፣ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ባለ ቢሮ መዝገብ ውስጥ ተለይቶ የሚቀመጥ አይደለም። አዲስ አበባ መርካቶ የተመዘገበ ነጋዴ ለመስቀል በዓል ወደ አገሩ ሲመለስ እንደገና ሳይመዘገብ አገልግሎት ማግኘት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አገልግሎት ሰጪው ተቋም የተገልጋዩን ማንነት ማረጋገጥ ሲያስፈልገው ማዕከላዊውን የመታወቂያ ሥርዓት በኔትወርክ ይጠይቃል።

2. ሥርዓቶቹ የሚነጋገሩት እንዴት ነው?

ሁለት የኮምፒውተር ሥርዓቶች የሚነጋገሩበት በር በሙያው ቋንቋ ኤፒአይ ይባላል። በስፋት ከሚሠራባቸው የአሠራር ዘይቤዎች አንዱ ሬስት ሲሆን፣ ሮይ ፊልዲንግ የተባሉት አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የተብራራ ነው።

አሠራሩ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጋር ይመሳሰላል። ደብዳቤው የተቀባይ አድራሻ፣ የላኪ ማንነት፣ ጉዳይና ይዘት ይኖረዋል። ተቀባዩ ያለፈውን ጥያቄ እንደሚያስታውስ ስለማይታሰብ እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ የተሟላ መሆን አለበት። ይዘቱ በአብዛኛው የሚጻፈው ጄሰን በሚባል ቅርጽ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው ተመስጥሮ ይላካል።

3. ጥያቄው ከተገልጋዩ ስልክ ሳይሆን ከተቋሙ ሰርቨር የሚላከው ለምንድን ነው?

ተቋሙ ለመጠየቅ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳየው በምስጢራዊ ዲጂታል ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ በተገልጋዩ ስልክ ላይ በሚከፈት ገጽ ውስጥ ቢቀመጥ ማንም ሰው ሊገለብጠውና በተቋሙ ስም ሊጠይቅበት ይችላል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ለባለጉዳይ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ቁልፉም ከተቋሙ ሰርቨር መውጣት የለበትም።

4. በኦንላይን አገልግሎት የማረጋገጫው ቅደም ተከተል

ሀ. ተገልጋዩ ከተቋሙ ገጽ ወደ መታወቂያው ሥርዓት ገጽ ተመርቶ የፋይዳ ቁጥሩን ያስገባል።
ለ. በምዝገባ ወቅት ባስመዘገበው ስልክ የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር ይደርሰዋል። የትኞቹ መረጃዎች ለተቋሙ እንደሚተላለፉም አይቶ ፈቃዱን ይሰጣል።
ሐ. የመታወቂያው ሥርዓት ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ወደ ተቋሙ ይመልሳል።
መ. የተቋሙ ሰርቨር ኮዱን በራሱ ቁልፍ ከተፈረመ ማረጋገጫ ጋር ልኮ የመጠየቂያ ፈቃድ ይቀበላል።
ሠ. በዚህ ፈቃድ ተገልጋዩ የፈቀደውን መረጃ ይጠይቃል። ምላሹ ዲጂታል ፊርማ ያለበት በመሆኑ ሰርቨሩ ፊርማውን አረጋግጦ አገልግሎቱን ይቀጥላል።

በመስኮት በአካል በሚሰጥ አገልግሎት ከይለፍ ቁጥሩ ይልቅ የጣት አሻራ ወይም ሌላ የአካል መለያ ሊያገለግል ይችላል።

5. ምላሾቹ ምን ማለት ናቸው?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ባለ ሦስት አሃዝ የሁኔታ ቁጥር ይመለሳል። ቁጥሩ በሠራተኛው መስኮት ላይ ሊታይም ላይታይም ይችላል፤ ትርጉሙ ግን የሚከተለው ነው።

• 200፦ ጥያቄው ደርሶ ተስተናግዷል። ይህ ብቻውን ማንነት ተረጋግጧል ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ሥርዓቶች «አልተመሳሰለም» የሚለውን ውጤትም በዚሁ ቁጥር ሥር ስለሚልኩ ይዘቱ መነበብ አለበት።
• 401፦ የጠያቂው ፈቃድ ተቀባይነት አላገኘም። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የተቋሙ ቁልፍ ወይም የፈቃዱ ጊዜ ማለፍ ነው።
• 500 ወይም 503፦ ተጠያቂው ሥርዓት ችግር ገጥሞታል ወይም ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አልቻለም።
• ምላሽ አለመምጣት፦ ኔትወርክ ተቋርጧል ወይም የተፈቀደው የመጠበቂያ ጊዜ አልፏል።

ከ401 ጀምሮ የተዘረዘሩት ስለ ተገልጋዩ ማንነት የሚናገሩት ነገር የለም። በመሆኑም ተቋሙ እነዚህን «ማንነቱ አልተረጋገጠም» ብሎ ሊመዘግብ አይገባም።

6. ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

• ማረጋገጫው ካልተሳካ «መረጃው አልተመሳሰለም ወይስ ምላሽ አልመጣም?» ብለው ሠራተኛውን ይጠይቁ። ምላሽ ካልመጣ ቆይቶ መሞከር ይበቃል፤ ካልተመሳሰለ ግን የትኛው መረጃ እንደሆነ መጣራት አለበት።
• የይለፍ ቁጥሩ ካልደረሰዎ በፋይዳ ያስመዘገቡት ስልክ አሁን በእጅዎ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ስልክ ከቀየሩ አስቀድመው መረጃዎን ያሳድሱ።
• የስም አጻጻፍና የልደት ቀን በሰነዶችዎ ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይመልከቱ። የኢትዮጵያና የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላላቸው አንዱ በሌላው ቦታ ከተጻፈ መረጃው አይመሳሰልም።
• የማንነት ማረጋገጫን ደግሞ መጠየቅ ጉዳት የለውም። ክፍያ ግን የተለየ ነው፤ ገንዘብ ተቆርጦ ምላሽ ካልመጣ ደግመው ከመክፈልዎ በፊት የግብይት ቁጥሩን ይዘው ውጤቱን ያጣሩ።
• የይለፍ ቁጥሩን በስልክ ለሚጠይቅ ለማንኛውም ሰው አይስጡ። ቁጥሩን መስጠት በስምዎ ፈቃድ መስጠት ነው።

7. የሕግ ማዕቀፍ

የዲጂታል መታወቂያ አሰጣጥና አጠቃቀም የሚመራው በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ተገልጋዮች ቅሬታ ሲኖራቸው በቅድሚያ አገልግሎቱን ለሰጠው ተቋም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተነገራቸውን ምላሽ ገልጸው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይመከራል። ሰርቨሮች የላኩትንና የተቀበሉትን ጥያቄ ከነሰዓቱ የሚመዘግቡ በመሆኑ፣ በትክክል የተጻፈ ሰዓት ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ለመለየት ያስችላል።