የሕፃናት የልብ ዕጢ ቀዶ ሕክምናና ማደንዘዣ

የሕፃናት የልብ ዕጢ በልብ ጡንቻ፣ በልብ ክፍሎች ውስጥ ወይም በልብ ሽፋን ላይ የሚያድግ እብጠት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ሲሆን አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ይሁን እንጂ ካንሰር ያልሆነውም ዕጢ የደም መተላለፊያን ከዘጋ ወይም የልብ ምትን ካዛባ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ሕክምናውን የሚወስኑት የዕጢው ዓይነት፣ መጠንና ያለበት ቦታ ናቸው።

ዓይነቶች

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ራብዶማዮማ ነው። ብዙ ጊዜ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ከተባለ የዘረመል ሕመም ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ሲያድግ ዕጢው በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ችግር እስካላመጣ ድረስ ክትትል ይበቃዋል። ፋይብሮማ ግን በራሱ አይጠፋም፤ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። ማይክሶማ በአብዛኛው ከፍ ባሉ ልጆችና በአዋቂዎች ላይ ይታያል፤ ከእሱ የተገነጠለ ቁራጭ በደም ተጉዞ የአንጎል ደም ሥርን ሊዘጋ ይችላል።

ማደንዘዣ

የማደንዘዣ መድኃኒቶች ደም ሥሮችን ያሰፋሉ፣ የልብንም ጉልበት ይቀንሳሉ። መተላለፊያው በዕጢ በጠበበ ልብ ላይ ይህ የደም ግፊትን በድንገት ሊያወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የዕጢውን ቦታ በልብ አልትራሳውንድ አስቀድሞ ያጠናል፤ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ሕፃኑ የሰውነት ፈሳሽ እንዳያጥረውም ይጠነቀቃል። ደምና የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በቅርብ ይዘጋጃሉ። ዕጢው በቀኝ የልብ ክፍል ካለ፣ በትልቅ ደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ እንዳይነካው ጥንቃቄ ይደረጋል።

ቀዶ ሕክምና

ሄፓሪን ተሰጥቶ ደሙ እንዳይረጋ ከተደረገ በኋላ የልብና ሳንባ ማሽን የሁለቱን ሥራ ይተካል። ልብ ቆሞ ዕጢው ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ማውጣት ቫልቭን ወይም ጡንቻን የሚጎዳ ከሆነ፣ መተላለፊያውን የዘጋው ክፍል ብቻ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይቆያል።

በኢትዮጵያ

ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ከሆነችው ከሚሴ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ክብደት የማይጨምር ወይም ራሱን የሚስት ሕፃን በቅርብ ጤና ተቋም ቶሎ ታይቶ ለልብ አልትራሳውንድ መላኩ ወሳኝ ነው።